ተረከዜ ቢቀድም

«ጣቷ ወደ ጓሮ፣ ተረከዟ ወደ ደጅ? ኧረ በስመአብ በል፣ ደመላሽ!»

ወጌሻው አያ ሙላት ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነው። ችግሩ፣ የአያ ሙላት ሹክሹክታ ደምበጫ ገበያ መሃል የተኛ አህያ ቀስቅሶ ሉማሜ ድረስ የሚያስጋልብ ሹክሹክታ መሆኑ ነው። በእሳቸውና በወለላ መካከል ያለው ደግሞ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮ ቢኖረው ኖሮ ያን ዕለት ደንቁሮ ይቀር ነበር።

ወለላ ጓዳ ውስጥ አልጋዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። ተኝታለች ተብሏል። ከመስከረም ወዲህ በዚህ ቤት ቁም ነገር የሚወራው እሷ ስትተኛ ብቻ ስለሆነ፣ የተኛ ሰው የመምሰልን ጥበብ ጠንቅቃ ተምራለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ «ነቅቶ መተኛት» የሚባል ትምህርት ቢኖር ኖሮ ከመላው ጎጃም አንደኛ ትወጣ ነበር፤ ያውም ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ዶክተሯ ያለችው እንደሱ ነው፤» አለ አባቷ ደመላሽ። እሱስ በእውነት ነው የሚያንሾካሹከው። «የታመመውን ጉልበቷን ከነአጥንቱ ያወጡታል። ከዚያ ከታች ያለውን ጤነኛውን እግሯን ወደ ላይ ስበው፣ አዙረው ከጭኗ ጋር ይገጥሙታል። ቁርጭምጭሚቷ ጉልበት ይሆናታል አለች። ከሥሩ ሰው ሠራሽ እግር ታጠልቃለች።»

«ቁርጭምጭሚት ጉልበት ከሆነ ጉልበት ምን ሊሆን ነው፣ ክርን? ስማ፣ እኔ ወንድምህ ከሉማሜ እስከ ጉንደ ወይን ያልገጠምኩት አጥንት የለም። የበሬ ገጥሜያለሁ፣ የፈረስ ገጥሜያለሁ፣ የወረዳ አስተዳዳሪ ገጥሜያለሁ፣ አንዴም የመሪጌታን ድመት። ወደ ኋላ የገጠምኩት ግን አንድም የለም!»

«ካልሆነም ከጭኗ ላይ ቆርጠን እንገላገል ብላለች። ብቻ አርብ ጠዋት ሆስፒታል መገኘት አለብን። ሐሙስ ማለዳ አውቶቡስ ካልያዝን ቀጠሮው ያልፋል።»

«ይለፍ! ጥምቀት ይድረስ። ጸበሉም ይሞከር፣ እኔም አንድ ጊዜ ደግሜ ልሻት። ያ ነገር እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጸበሉም የእግዜር ነው፣ ሐኪሙም የእግዜር ነው፣ አንዱን ይዛችሁ አንዱን አትጣሉ ብለውናል፤» አለች እናቷ። «ደግሞ ቀስ ይበሉ አያ ሙላት፣ ልጄ ትሰማለች።»

«ተኝታ የለም እንዴ?»

ያ ነገር። የበሽታው ስም በዚህ ቤት ይኸው ነው። ወለላ በጨፈነችው ዓይኗ ጣራውን አፈጠጠችበት። ያ ነገር የትም አይሄድም ይላሉ። መሄዱ አይደል ችግሩ! ጊዜ ካገኘ ከአጥንት ተነሥቶ ሳንባ ድረስ እንደሚጓዝ፣ ለዚህም አውቶቡስ እንደማያስፈልገው ዶክተር ዜማ ነግራታለች። እሷ ታውቃለች። እነሱ ማወቋን አያውቁም። ሦስቱም ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብለው በእሷ እግር ይማከራሉ፤ «አንቺስ የቱን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው የለም።

* * *

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ፋሲካ ግድም ነው። ወለላ ያኔ በሩጫ ንፋስን ቀድማ፣ ዞር ብላ «የት ቀረህ?» የምትል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ግራ ጉልበቷን አመማት። ወድቃ ይሆናል ተባለ። ሌሊት ሌሊት ጭራሽ ይብስባት ጀመር፤ አበጠም። ወለምታ ነው ተባለና አያ ሙላት ተጠሩ። አያ ሙላት ክረምቱን ሙሉ በለጋ ቅቤ አሿት። ያን ክረምት እግሯ ላይ የፈሰሰው ቅቤ ለአንድ ትልቅ ሠርግ ዶሮ ወጥ ይበቃ ነበር። እሷም ጮኸች፤ ጮኻም ጮኻም ወፍ ከዋርካው ላይ ተሰደደ። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች።

መስከረም ላይ የስፖርት መምህሯ ጉልበቷን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። ደብረ ማርቆስ ሄዳ ራጅ ተነሣች። ራጁን ያየው ሐኪም ብዙ አላወራም፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላካቸው።

እዚያም ደመላሽ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ይዞ «ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ በእመቤቴ!» ብሎ አስማላት። የረሳው ነገር ቢኖር የዋርዱን ሰው ሁሉ ማስማል ነበር። ከወለላ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ሂዊ የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት፣ ራሷ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የተሳለ።

«አንቺም ኦስቲዮ ነሽ?» አለቻት፣ ወለላ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ።

«ምንድን ነው ኦስቲዮ?»

«የአጥንት ካንሰር ነዋ። ብርቅ ነው እሺ፣ ለማንም አይሰጥም። እኛ ላይ ጠብ አለ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ነው።»

ወለላ ያን ዕለት ብርድ ልብሱን ተከናንባ አለቀሰች። በማግሥቱ ግን ዶክተር ዜማ ልታያት ስትመጣ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ዶክተር ዜማ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አባትሽ አደራ ብለውኛል። ከጠየቅሽኝ ግን አልዋሽሽም፤» ብላ ሁሉንም ነገረቻት። መጀመሪያ ኬሞ የሚባለው መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ኬሞ። ጸጉሯ ይረግፋል፤ ይመለሳልም። ብዙ ልጆች ይድናሉ፤ ሁሉም ግን አይድኑም።

«አዲስ ነገር አልተገኘም ወይ?» አለች ወለላ።

«እየተገኘ ነው። በየአገሩ ይሞከራል። የሰውነትን የራሱን ዘቦች ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ የሚያዘምት መድኃኒት አለ፤ ለካንሰሩ ደም የሚያደርሰውን መንገድ የሚዘጋ እንክብልም አለ። ለአንዳንዱ ልጅ ጥሩ ነገር ታይቶበታል፣ ለአንዳንዱ ምንም። የእናንተ ዓይነቱ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ጥናቱ ይዘገያል። ታዲያ እሱ እስኪደርስ ቁጭ ብለን አንጠብቅም፣ ወለላ። እጃችን ላይ ያለውም ቀላል አይደለም።»

«የብረት ጉልበት ይገባል ይላሉ።»

«ይገባል። ግን እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ደግሞ አንቺ ገና ታድጊያለሽ፣ ብረት አያድግም። ሌላ መንገድ አለ። ሂዊ፣ አሳዪያት እስቲ።»

ሂዊ የምትጠብቀው ይህችን ነበር። ሱሪዋን ሰብስባ ሰው ሠራሽ እግሯን ፈታችና አኖረችው። ጉልበቷ በነበረበት ቦታ የእግሯ መዳፍ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ወደ ኋላ፣ ተረከዙ ወደ ፊት። ሂዊ ጣቶቿን አወዛወዘች፤ «ሰላም በሏት» ያለቻቸው ይመስል።

«ፊቱን ወደ ፊት አድርገው ቢገጥሙት ኖሮ እንደ ጉልበት አይታጠፍም፤» አለች። «ስለዞረ ግን፣ እዪ። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የገዛ ራሴ ጉልበት። ንኪው፣ አይነክስም።»

ወለላ ነካችው። ሞቃት ነው። ሂዊ የዞረውን እግሯን ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ሰካች፣ ሱሪዋን ለቀቀች፣ ሁለቱም ጫማዎቿ ወደ ፊት የሚያዩ እንደ ማንም ሴት ልጅ ሆና ቆመች። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ ባዶ ሃይላንድ አንሥታ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችና ለጋችው። እንዴት ያለ ልጊያ! ላስቲኩ ኮሪደሩን ሰንጥቆ፣ ሁለት ነርሶችን አልፎ፣ ከጥበቃው ወንበር ሥር ገባ። «ጎል!» ብላ ጮኸች፤ ጥበቃው እስኪነሣ ድረስም ሮጣ አልጋዋ ላይ ነበረች።

ወለላ በዚያች ቅጽበት መርጣ ጨርሳለች። ብቻ የጠየቃት የለም፤ በአገሯ ደግሞ አዋቂ ሲመክር ልጅ ምላሷን ትሰበስባለች። እሷም የመጀመሪያውን ኬሞ ጨርሳ፣ ጸጉሯ ረግፎ ወደ ቤቷ ስትመለስም ምላሷን እንደሰበሰበች እስከዚህ ደረሰች።

ነገ ግን ገና ነው።

* * *

በገና ማለዳ አያ ሙላት ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለውን በግ ይገፍፋሉ። ወለላ በክራንቿ ተደግፋ ደጃፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። ግራ እግሯን መሬት እንዳታስረግጥ ተነግሯታል፤ አጥንቱ ሳስቷል። በጉ በኋላ እግሩ ተንጠልጥሏል። የእግሩ መሃል ላይ ያለው መታጠፊያ ሹል ጫፉን ወደ ኋላ አድርጎ ቀርቷል። ወለላ አንገቷን ዘንበል አደረገች። እንደገና አየችው።

«አባዬ፣ ያን አንዱን የኋላ እግር አትቁረጡት። እንዳለ ለእኔ ይቀመጥልኝ።»

«የበግ እግር ምን ያደርግልሻል?»

«እፈልገዋለሁ።»

ደመላሽ አልተከራከረም። ከታመመች ወዲህ ጨረቃን አውርድልኝ ብትለው መሰላል ከመፈለግ ወደ ኋላ የማይል አባት ሆኗል፤ የማይችለው ነገር ቢኖር አንድ ቃል መጥራት ብቻ ነው። እግሩ ከነሸኮናው በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋዋ ሥር ገባ። ውሻው ቀኑን ሙሉ ከበሯ ሥር አልጠፋም።

ምሳ ካለፈ በኋላ የክፍል ጓደኛዋ መሲ መጣች።

«ሜዳው ቀውጢ ሆኗል፣ አንቺ እዚህ ትቆዝሚያለሽ? ተነሺ አቦ!»

«ሰው መሃል እንዳትገባ ተብላለች፤» አለች እናቷ።

«መሃል አልገባም እማዬ። ግንቡ ጋ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ማስክም አደርጋለሁ።» ወለላ ኮፍያዋን ከራሷ ላይ አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው። «ይህን ግን አላደርግም።»

በፈረስ ጭነው ወሰዷት።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የገና ጨዋታ ሜዳ ነው። ሩሯ፣ ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ደብረ ማርቆስ ላይ መስኮት ያርገበግባል፤ የአገሩ ሰው እንዲያ ነው የሚለው። ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ቁርጭምጭሚት ይላጣል፣ የተላጠውንም አያ ሙላት እዚያው ያሹታል። ዳኛውም እሳቸው ናቸው። ሲሰደቡ የሚውሉትም እሳቸው። በዚህች ቀን ሎሌው ጌታውን፣ ተማሪው መምህሩን፣ የታች ሰፈር የላይ ሰፈርን በግጥም ይሞልጨዋል፤ የተሞለጨው ሰው ፊቱን ካጠቆረ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

አንዱ ጎረምሳ የአያ ሙላትን ቦርጭ ገጠመበት። አያ ሙላት ሳቁ። ሌላው ኩራታቸውን ገጠመበት። እሱንም ሳቁ። ደመላሽ ከጎናቸው ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«ጨርሳችሁ? ሌላ ገጣሚ የለም?» አሉ አያ ሙላት በሹክሹክታ። ከሸለቆው ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

«አለ!»

ሰው ዞረ። ግንቡ ላይ፣ ክራንቿን እንደ ጦር አቁማ፣ መላጣዋ በፀሐይ የሚያበራ ልጅ ተቀምጣለች። ማስኩን ወደ አገጯ አወረደችው።

«ወለላ፣ ሙድ እየያዝሽ ነው አይደል?» አለች መሲ ቀስ ብላ።

«አጨብጭቢ ብቻ።»

መሲ አጨበጨበች። ወለላም ለቀቀችው፦

«በቅቤ ሲያሸኝ ከርሞ አያ ሙላት፤
ጉልበቴን አረገው የሙክት ላት!»

ሜዳው ፈነዳ። የላይ ሰፈር በሳቅ ተኛ፣ የታች ሰፈር እላዩ ላይ ተኛ። አያ ሙላት ቀይ ሆኑ፣ ጥቁር ሆኑ፣ እንደገና ቀይ ሆኑ። «አልተቆጣሁም!» ብለው አገሩን አናወጡት። «ማነው ተቆጣ ያለ?»

ወለላ ግን ገና አልጨረሰችም። ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች። ክራንቿን አጥብቃ ያዘች፦

«አባቴ ደመላሽ ጅብ አይፈራም ነበር፤
አንዲት ቃል ለጎመችው፣ የምትባል ካንሰር!»

አሁን የሳቀ የለም። ዱላዎቹ ሁሉ ወረዱ። የመሲ እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ቃሏ በሜዳው ላይ እንደ ሩር ተንከባለለች፤ የሚመታት ግን ጠፋ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ደመላሽ ልጁን አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ከግንቡ ላይ ሆኖ አይለይም።

ወለላ ግንቡ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከዚህ ወዲያ መመለስ የለም። ሦስተኛውን እንደ ሂዊ ልጊያ ለጋችው፦

«ተረከዜ ቢቀድም፣ ጣቴ ቢያይ ጓሮ፤
እኔስ ወደ ፊት ነኝ፣ ከርሞ ሆነ ዘንድሮ!»

«ሆ!» አለ አንድ ሰው ከታች ሰፈር። «ሆ!» አሉ ሌሎችም። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው በሙሉ «ሆ!» ይል ጀመር። መሲ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ታጨበጭባለች።

ደመላሽ ግን ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቤት ሄደ።

* * *

አያ ሙላት ለእራት መጡ። ባይመጡ ተቆጡ ይባላል፤ ስለዚህ ከማንም ቀድመው መጡ፣ ከማንም በላይ ሳቁ፣ ከማንም በላይ በሉ። ደመላሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። ስለ ነገው አውቶቡስ ማንም አላነሣም።

ወለላ ፌስታሉን ከአልጋዋ ሥር አወጣችና አያ ሙላት ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የአጥንት ዳኛ እርስዎ ነዎት አያ ሙላት፤ ይፍረዱኝ። ይህ የበጉ ምኑ ነው?» የእግሩን መሃል መታጠፊያ አመለከተች።

«ጉልበቱ ነዋ! ሕፃን የሚያውቀውን ትጠይቂኛለሽ?»

«በዓይንዎ አይደለም። በእጅዎ።»

አያ ሙላት ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸው ቀደማቸው። እነዚያ ወፍራም ጣቶች መታጠፊያውን ያዙ፣ ሹሉን ጫፍ ዳሰሱ፣ ጅማቱን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ታች ወረዱ። ዓይናቸው ተጨፈነ።

«ይህ ሹሉ ተረከዝ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ቁርጭምጭሚት ነው። ጉልበቱማ እላይ ሆዱ ሥር ነው ያለው።»

«እንግዲያው በግ ዕድሜውን ሙሉ መሃል እግሩ ላይ በቁርጭምጭሚቱ እየታጠፈ ነው ገደል የሚወጣው። ተረከዙን ወደ ላይ ሰቅሎ። አንድም ሰው በስመአብ ብሎት አያውቅም።»

ሉማሜ ከተቆረቆረች ወዲህ አያ ሙላት ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብለው አያውቁም። እግሩን አጠፉት፣ ዘረጉት። ደግሞ አጠፉት።

«ይህንማ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ፤» አሉ በመጨረሻ። «ዶክተሯ ከእኔ ነው የሰረቀችው። ብቻ ጅማቱንና ደም ሥሩን ሳትቆርጥ ነው የምታዞረው አይደል? እንዳትቆርጥ ንገሯት!»

«ታውቃለች አያ ሙላት።»

አያ ሙላት የበጉን እግር አስቀመጡ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ጠርገውም አላቆሙም፣ ደግመው ጠረጉ። ወደ ወለላ ጎንበስ አሉና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሹክሹክታ አወጡ። ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

«ያኔ ሳሽሽ... አሞሽ ነበር?»

«ጮኼ ነበር እኮ፣ አያ ሙላት።»

«መስሎኝ ነበር... ሲያም የሚድን መስሎኝ ነበር ልጄ።»

ወለላ ወፍራም ጣታቸውን ይዛ አንድ ጊዜ ጨመቀችው።

ደመላሽ ተነሥቶ ከብቶቹን ላያቸው ብሎ ወጣ። ወለላ ከኋላው አየችው። ገብቶ አንድ ቃል ይል ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ቶሎ አልገባም፤ ከበሩ ማዶ በጨለማው ጋቢው ብቻ ይታያል። ወደ አልጋዋ ከመሄዷ በፊት ጫማዎቿን በሩ ሥር አኖረች። ቀኙን አፍንጫውን ወደ ደጅ አደረገችው። ግራውን አዞረችው፤ ተረከዙ ወደ ደጅ፣ አፍንጫው ወደ ቤት።

እናቷ ስታልፍ አቃናችው። ወለላ በክራንቿ ጫፍ ገፋ አድርጋ አዞረችው። እናቷ «አንቺ ልጅ!» ብላ አቃናችው። ወለላ ተወችው። ደከማት።

* * *

ስትነቃ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። የእናቷ ድምፅ ከማድቤት ይሰማል። ወለላ በበሩ በኩል አየች። አባቷ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፣ ሻንጣዋ አጠገቡ። በሩ ሥር ጫማዎቿ ተጠርገው ተቀምጠዋል።

ግራው ዞሯል።

ክራንቿን ይዛ ቀስ ብላ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም ጫማውን አዩት።

«ያዞርሽው እንዲህ ነበር አይደል?» አለ ደመላሽ።

«አዎ። ግን ጫማውማ ወደ ፊት ነው የሚሆነው፣ አባዬ። የሚዞረው እግሬ ነው። ሰው ሠራሹ እግር ጫማውን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚቆመው።»

«ታዲያ ለምን አዞርሽው?»

«እንድትጠይቀኝ።»

ደመላሽ ወደ ልጁ ዞረ። ይህ ሰው አንዴ ጅብ በጨለማ በዱላ ብቻ አባርሯል፤ የሰፈሩ ሰው ሲያወራው ጅቦቹ ሰባት ይሆናሉ። አሁን ግን አንዲት ቃል ለማውጣት ከሰባቱም ጋር የሚታገል ይመስል ነበር።

«ለዚህ... ለካንሰሩ፤» አለ። ቃሏ ወጣች። ጣራው አልወደቀም። «አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

«የዞረውን።»

«ባይሆንልሽስ? ቢያምሽስ?»

«ያመኛል። ሂዊንም አሟታል። ቢሆንም እሱን ነው የምፈልገው። ዛሬ ነው መሄድ የምፈልገው፤ ከጥምቀት በኋላ አይደለም።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እህል ተመዝኖ ሲጸና እንደሚነቀነቅ። ጎንበስ ብሎ ግራውን ጫማ አነሣ። ወደ ፊት አዞረው። አጥንቷን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ያጠልቅላት ጀመር።

«አባዬ፣ ነግቷል። አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

«አያመልጠንም። እስክጠይቅሽ ድረስ እንዲያቆዩልኝ አያ ሙላትን ልኬያቸዋለሁ።»

ወለላ ጆሮዋን ወደ አስፋልቱ አቀናች። ከኮረብታው ወዲያ፣ ከአውቶቡስ ጥሩምባና ከውሻ ጩኸት በላይ፣ አያ ሙላት ለሾፌሩ የሆነ ነገር በሹክሹክታ ሲነግሩት ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«አጥብቀህ እሰረው፤» አለች ወለላ እግሯን ዘርግታ።